ስምንት ስኒና አንድ ባዶ መላምት

ሳይኮሎጂ የሚማር ልጅ ያለበት ቤት እንግዳ አያጣም። ዘመድ ሲመጣ «እስቲ የእኔን ጠባይ ንገሪኝ» ይላል፤ ጎረቤት ያደረ ሕልሙን ይዞ ይመጣል፤ የተኳረፉ ባልና ሚስት «አንቺ የተማርሽው ለዚህ አይደል እንዴ?» ብለው ሳሎን ይቀመጣሉ። እኛ ቤት የምትኖረው የእህቴ ልጅ ግን የሰው ልብ የምታነብበት ጊዜ አልነበራትም። ጊዜዋን ሁሉ የበላው የአማካሪዋ ቀይ እስክሪብቶ ነው።

የመመረቂያ ጽሑፏ ፕሮፖዛል በሄደ ቁጥር እየቀላ ይመለሳል። «የጥናቱ ዓላማ» በሚለው ሥር «የማኅበራዊ ሚዲያ አጠቃቀም በወጣቶች ላይ ያለውን ተጽዕኖ መመርመር» ብላለች። አማካሪዋ ከጎኑ «ይሁን፤ ግን አጥብቢው» ብሎ አልፎታል። ዝቅ ሲል «መላምት» ይልና «የማኅበራዊ ሚዲያ አጠቃቀም በወጣቶች ላይ ተጽዕኖ ሊኖረው ይችላል፤ ላይኖረውም ይችላል» ይላል። እዚህ ላይ እስክሪብቶው ወረቀቱን ሊቀደው ምንም አልቀረው፦ «ይህን ማን ሊያሸንፈው ይችላል?»

እኔ ዕድሜዬን በጽሑፍ እርማት የጨረስኩ ሰው ነኝና ዓረፍተ ነገሩን አገላብጬ አየሁት። ሰዋስዉ ንጹሕ ነው፤ ፊደልም አልተገደፈም።

«ምን ጎደለው?» አልኳት።

«ምንም አለመጉደሉ እኮ ነው ችግሩ፣ አጎቴ። ነገ ምንም ነገር ቢገኝ ልክ ነበርኩ ማለት እችላለሁ» አለችኝ፤ እያለቀሰች።

ያን ምሽት እራት ከበላን በኋላ እሷ አስተማሪ፣ እኔ ተማሪ ሆንን። ዓላማ ማለት ልናውቀው የምንፈልገው ነገር ነው አለች። መላምት ደግሞ ገና ሳናየው «ይህን እናገኛለን» ብለን የምንወራረድበት ነው፤ ውርርዱን ልንበላም ልንበላበትም የምንችል መሆን አለበት። ምሳሌ ስጪኝ ብላት ወደ ኒውዮርክ ወሰደችኝ።

እ.ኤ.አ. በ1964 እዚያ ከተማ ኪቲ ጀኖቪዝ የምትባል ወጣት ከሥራ ስትመለስ፣ በሌሊት፣ መኖሪያዋ አጠገብ ተገደለች። ጋዜጣ 38 ሰዎች እያዩ ዝም አሉ ብሎ ጻፈ። ቁጥሩ የተጋነነ እንደነበር ኋላ ታውቋል፤ ያን ጊዜ ግን ሁሉም የከተማ ሰው ልቡ ደነደነ እያለ ያለቅስ ጀመር። ጆን ዳርሊና ቢብ ላታኔ የሚባሉ ሁለት ሳይኮሎጂስቶች ሌላ ነገር ጠረጠሩ፦ ማንም ያልደረሰላት ሰዎቹ ብዙ ስለሆኑ ቢሆንስ? ዓላማቸው የተመልካች ብዛት ዕርዳታን ይለውጥ እንደሆነ ማወቅ ነበር። መላምታቸው ግን አንድ እርምጃ ይቀድማል፤ ተመልካች በበዛ ቁጥር እያንዳንዱ ሰው የመርዳቱ ዕድል ያንሳል፣ ቢረዳም ይዘገያል የሚል ነው። ከዚያ «መርዳት» የሚለውን ሰፊ ነገር በሰዓት ወደሚለካ ነገር አወረዱት። ተማሪዎችን ለየብቻ ክፍል አስገብተው በድምፅ ማስተላለፊያ እያወያዩ፣ ከተወያዮቹ አንዱ በድንገት የሚጥል በሽታ የያዘው የሚመስል ድምፅ አሰሙ። ድምፁ የተቀዳ ነው። ተማሪው ከክፍሉ ወጥቶ ሰው ለመጥራት ስንት ሰከንድ ፈጀበት? በ1968 ባወጡት ጥናት፣ ከታማሚው ጋር ብቻውን ያለ ከመሰለው ውስጥ ድምፁ ሳያበቃ የወጣው 85 በመቶው ነው። ሌሎች አራት ሰዎችም ይሰማሉ ብሎ ካሰበው ውስጥ የወጣው 31 በመቶው ብቻ ሆነ።

እዚህ ላይ አላስቻለኝም። «እኛ እኮ ‹ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ› እየተባልን ነው ያደግነው! ሰው ሲበዛ ሸክም ይቀልላል እንጂ እንዴት ይወድቃል?»

«ተረቱ መላምት ቢሆን ኖሮ ያቺ ጥናት ትጥለው ነበር» አለች። «ግን ተረት አይወድቅም። ዝም ብለህ ስትድን ‹ዝም አይነቅዝም› ትላለህ። ዝም ብለህ ስትጎዳ ‹ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል› ትላለህ። የእኔም ዓረፍተ ነገር እንደዚያው ነው፤ ሊኖረው ይችላል፣ ላይኖረውም ይችላል።»

ቪየናዊው ፈላስፋ ካርል ፖፐር በ1934 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ሳይንስ ያስጨነቀው ይኸው ነበር፦ ምን ቢመጣ የማይሸነፍ ሐሳብ ስለ ዓለም የሚነግረን ነገር የለም። ልጅቷ በዚያው ሌሊት ተነስታ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «በቀን ከ3 ሰዓት በላይ ማኅበራዊ ሚዲያ የሚጠቀሙ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ ከ1 ሰዓት በታች ከሚጠቀሙት ያነሰ የሌሊት እንቅልፍ ይተኛሉ።» እንቅልፍ በሰዓት ይቆጠራል። ውርርዱ ሊበላ ይችላል። እኔም ተሰናብቼ ብተኛ ይበጀኝ ነበር።

ግን የመማሪያ መጽሐፉ ቀጣይ ምዕራፍ ስለ ባዶ መላምት ነበር፤ ክፍል ውስጥ ነል ሃይፖቴሲስ የሚሉት። እሱ ደግሞ ተመራማሪው የጠረጠረውን ትቶ «ምንም ልዩነት የለም» ብሎ ይጀምራል። ያልተስማማበትን ነገር ለምን ይጽፋል ብዬ ድርቅ ብል፣ በ1935 የስታቲስቲክስ ሊቁ ሮናልድ ፊሸር መጽሐፉ ውስጥ ያሰፈረውን የሻይ ታሪክ ነገረችኝ። እንግሊዝ አገር፣ ሮትሃምስቴድ በሚባለው የእርሻ ምርምር ጣቢያ፣ ሚዩሪየል ብሪስቶል የምትባል የአልጌ ተመራማሪ «ወተቱ ከሻዩ በፊት ይሁን በኋላ የተጨመረው ቀምሼ አውቃለሁ» አለች። ፊሸር ከዚህ ተነስቶ ስምንት ስኒ ያለው ፈተና ነደፈ፤ አራቱ ወተት የቀደመባቸው፣ አራቱ ሻይ የቀደመባቸው፣ ቅደም ተከተላቸው በዕጣ። ባዶው መላምት «መለየት አትችልም፤ የምታገኘው በዕድል ነው» ይላል። ከስምንት ስኒ አራቱን ለመምረጥ 70 መንገድ አለ። ሁሉንም ትክክል የሚያደርገው አንዱ ብቻ ነው። ስለዚህ በግምት ብቻ ሁሉንም የማግኘት ዕድል ከ70 አንድ፣ ማለት 1.4 በመቶ ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ «ዕድል ነው» ማለት ያሳፍራልና ባዶው መላምት ይጣላል። ፊሸር በመጽሐፉ የሴትየዋን ውጤት አልጻፈም፤ የኋላ ትረካዎች ሁሉንም አገኘች ይላሉ።

ታሪኩን ስሰማ ሳቄ መጣ። እንዲህ የምትል ሴት ፍለጋ ባሕር መሻገር አያሻንም፤ ከአጥራችን ወዲያ አሉ።

ጎረቤታችን እትዬ ቡና የሚያፈሉት በሸክላ ጀበና ብቻ ነው። ልጃቸው ከዱባይ የላከችላቸው የሚያብረቀርቅ የብረት ማንቆርቆሪያ ቡፌ ላይ ሆኖ ፎቶ ይጠብቃል። «በብረት የፈላ ቡና ዝገት ዝገት ይለኛል፤ ዓይኔን ሸፍናችሁ ብታጠጡኝ እለየዋለሁ» ይላሉ፤ በየቡናው፣ በየበዓሉ። እስከዚያ ቀን ማንም «እስቲ እንያው» ያላቸው አልነበረም። በሰፈራችን እንዲህ ሲባል የሚመለሰው «ውነትዎን ነው» ተብሎ ነው።

ልጅቷ ነገሩን ለልምምድ ያህል ወደደችው፤ ቅዳሜ ከሰዓት ሊሆን ተቀጠረ። ዝግጅቱ ያማረ ነበር። ቡናው ከአንድ ምጣድ የወጣ፣ በአንድ ሙቀጫ የተወቀጠ፤ ውኃው ከአንድ ባልዲ፤ ከሰሉ እኩል፤ ስኒዎቹ አንድ ዓይነት፤ ስኳር የለም። የሚለየው ማፍያው ብቻ ይሁን፣ ሌላው ሁሉ ይመሳሰል ነው ነገሩ። እንደ ፊሸር ፈተና አራት አራት ስኒ አድርገን ቅደም ተከተሉን በዕጣ አወጣን። እትዬ የሰፈሩ ዕቁብ ሰብሳቢ ስለሆኑ ዕጣውን ሊያወጡ እጃቸውን ዘርግተው ነበር፤ እሳቸው የሚፈተኑ መሆናቸውን አስረድተን በጭንቅ መለስናቸው። ታዛቢ ይሁኑ ተብለው የእድሩ ጸሐፊና ጡረታ የወጡት የሒሳብ መምህር ተጠሩ፤ መምህሩን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ያልተጠራው የሰፈር ሰው ደግሞ ራሱ መጣ።

ልጅቷ በትምህርት ቤት እንደተማረችው የተሳታፊ ፈቃድ መጠየቂያ ቅጽ አዘጋጅታለች። ስጋቱን፣ ጥቅሙን፣ በፈለጉ ሰዓት ማቋረጥ እንደሚችሉ አነበበችላቸው። እትዬ በደስታ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ከዚያ ባላነበበችው ጥሩ ነበር፦ «ባዶ መላምት፤ ተሳታፊዋ በሸክላና በብረት የፈላን ቡና መለየት አይችሉም።»

ቤቱ ጸጥ አለ።

«ማነው አይችሉም ያለው?» አሉ እትዬ።

«እትዬ፣ እኛ እንደዚያ ብለን አይደለም፤ አሠራሩ ነው። የሚጻፈው እንዲወድቅ ነው።»

«እንዲወድቅ ከሆነ ለምን አቆማችሁት? አንቺን ያዘልኩ ሰው፣ በወረቀት ጽፈሽ አትችልም ትይኛለሽ?» ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ።

ማርቲን ኦርን የሚባል ሳይኮሎጂስት በ1962 እንደጻፈው፣ ሰው ለሙከራ ሲቀመጥ ዝም ብሎ አይሞከርም፤ ከእኔ ምን ይፈልጋሉ ብሎ ይገምትና ያንኑ ሊሰጥ ይጥራል። ስለዚህ ተመራማሪ መላምቱን ለተሳታፊው አያነብም። ኦርን ያላሰበው፣ ተሳታፊዋ መላምቱን ሰምታ ነጠላዋን ይዛ ልትሄድ እንደምትችል ነው።

ያስታረቁን ጋሼ ናቸው። እትዬ በአንድ ዘመን የቀበሌ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩና በዚያው ገቡባቸው። «እትዬ፣ ችሎት ላይ ተከሳሹን ሌባ ነው ብለው ይጀምሩ ነበር?» «እንዴት ተደርጎ!» «ንጹሕ ነው ብለው ይጀምራሉ፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ነው። ማስረጃው ሲከብድ ያ ይወድቃል። ልጆቹም ‹ልዩነት የለም› ብለው የጀመሩት ማስረጃዎ ከብዶ እንዲጥለው ነው። ደግሞ ማስረጃ ቢጎድል ንጹሕ መሆኑ ተረጋገጠ አይባልም፤ አልተፈረደበትም ነው የሚባለው።» እትዬ ተቀመጡ። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ግን ልብ አላሏትም፤ በኋላ እሷው ናት የምታጣላን።

ጋሼ የሒሳብ ሰው ናቸውና ዝም ብለው አልተመለሱም። «ሁሉንም ገልብጠው ቢሉስ? ሸክላውን ብረት፣ ብረቱን ሸክላ?» ልጅቷ ዓይኗ በራ። መላምት አቅጣጫ ሊኖረው ይችላል አለች፤ «ሸክላውን ሸክላ ይላሉ» ብንል አቅጣጫ ያለው ነው፣ ሁሉን ቢገለብጡ ይወድቃል። «ሁለቱን ይለያሉ» ብቻ ብንል ግን ሁሉን መገልበጥም መለየት ነው፤ ስሙን አሳሳቱ እንጂ ምላሳቸው ለይቷል። ያኔ ዕድሉ ከ70 ሁለት ይሆናል፣ 2.9 በመቶ ገደማ። የትኛውን እንደምንይዝ አሁን፣ ሳይቀዳ መወሰን አለብን። «ገልብጬ!» አሉ እትዬ፤ እንደገና ሊነሱ ሲሉ አቅጣጫ ያለውን ጻፍን።

ቡናው መቀዳት ጀመረ። ልጅቷ ከመጋረጃ ጀርባ ትቀዳለች፤ አንድ የጎረቤት ልጅ ይዞ ይመጣል። የመጀመሪያውን ስኒ ሲያቀርብ ጋሼ አስቆሙት። ልጁ አጮልቆ አይቷልና ፊቱ በሳቅ ተወጥሯል። በርሊን ውስጥ ሃንስ የሚባል ፈረስ የሒሳብ መልስ በኮቴው እየመታ ይናገራል ተብሎ አገር ጉድ ብሎ ነበር። በ1907 ኦስካር ፕፉንግስት ሲመረምረው ፈረሱ መደመር አያውቅም፤ የሚያነበው የጠያቂውን ፊትና አንገት ነው። ትክክለኛው ቁጥር ላይ ሲደርስ ጠያቂው ሳያውቀው ይንቀሳቀሳል፣ ፈረሱ መምታቱን ያቆማል። እትዬን ከፈረስ ጋር ማነጻጸር በዚያ ሰዓት ለሕይወት አስጊ ነበርና ታሪኩን ማንም አላወራም። ልጁ ግን ከመጋረጃው ማዶ እንዳያይ ተደረገ፤ ስኒውን መስኮቱ ላይ አኑሮ ወዲያው እንዲወጣ ታዘዘ።

እትዬ ያሸታሉ፣ ፉት ይላሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይፈርዳሉ። ሸክላ። ብረት። ብረት። ሸክላ። የእድሩ ጸሐፊ እንደ ቃለ ጉባኤ ይመዘግባል። ስድስተኛውን ስኒ ሲጨርሱ፣ ሰባተኛውና ስምንተኛው ተቀድተው መስኮቱ ላይ ተደርድረው ሳለ፣ ስልክ ጮኸ። ኢሞ ነው፤ ዱባይ ያለችው ልጃቸው። እትዬ ስለ ሙከራው፣ ስለ ማንቆርቆሪያው፣ «አትችልም» ስለተባሉት ሁሉ አንድ በአንድ ነገሯት። እሷም እዚያ አብረዋት ላሉት ነገረች፤ እነሱም ተራ በተራ ሰላምታ አቀረቡ። ሲጨርሱ ቡናው በርዷል። ሁለቱን ቀመሱ፣ አመነቱ፣ ፈረዱ።

ወረቀቱ ተገለጠ። ስድስቱ ትክክል፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የተገለበጡ።

እልልታ! ከስምንት ስድስት፣ 75 በመቶ፤ ትምህርት ቤት ቢሆን ያልፋሉ። ልጅቷ ግን ካልኩሌተሯን ይዛ ፊቷ ጠቁሯል። ጋሼም ገብቷቸዋል። በዚህ አደራደር፣ ጭፍን ያለ ሰው በግምት ስድስት ወይም ከዚያ በላይ የሚያገኝበት መንገድ ከ70 17 ነው፤ 24 በመቶ ገደማ። ከአራት አንዴ በዕድል የሚሆን ነገር ባዶ መላምት አይጥልም፤ በልማድ የተያዘው ወሰን 5 በመቶ ነው።

መከራው የመጣው ከዚህ ነው። የእድሩ ጸሐፊ፣ በእሱ ቤት የሰላም ሰው ሆኖ፣ እስክሪብቶውን አነሳ። «ቀላል ነው። የሳቱት ቡናው ሲበርድ ነው። መላምቱን ‹ትኩስ ቡና ይለያሉ› ብለን እናስተካክለው። ስድስት ከስድስት ይሆናል፤ ሁሉም ደስ ይለዋል።» ቤቱ በሙሉ «ይሁን! ይሁን!» አለ። እኔም ጎረቤቴ ናቸውና ውስጤ ይሁን ይል ነበር።

ልጅቷ እምቢ አለች። ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል፣ ግን እምቢ አለች። «ትኩስ ሲሆን ይለያሉ የሚለው ጥሩ መላምት ነው። ያመጣነው ግን እነዚህን ስኒዎች አይተን ነው፤ በእነዚሁ ስኒዎች ልንፈትነው አንችልም። አዲስ መላምት አዲስ ቡና ይፈልጋል።»

አሜሪካዊው ሳይኮሎጂስት ኖርበርት ከር በ1998 በጻፈው ጽሑፍ ለዚህ ለጸሐፊው ዘዴ ስም አውጥቶለታል፤ ውጤቱ ከታወቀ በኋላ መላምት ጽፎ «ድሮም እንዲህ ብዬ ነበር» ማለት ነው። ማንም ውሸት አልተናገረም፤ ቁጥር አልተነካም። ፍላጻው ከተሰካ በኋላ ዙሪያውን ዒላማ መሳል ብቻ ነው። ይህ ደግሞ የእኛ ሰፈር ገበና ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 ተመራማሪዎች ተሰባስበው 100 የታተሙ የሳይኮሎጂ ጥናቶችን ደግመው ሠሩ። ከመጀመሪያዎቹ 97 በመቶው ከወሰኑ ያለፈ ውጤት አለን ያሉ ነበሩ፤ በድግሙ ያን ያገኘው 36 በመቶው ብቻ ነው። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የናሙና ማነስ አለበት፣ ያማረውን ውጤት ብቻ ማሳተም አለበት፣ የእድራችን ጸሐፊ ዘዴም አለበት። ዛሬ በርካታ ተመራማሪዎች መላምታቸውን መረጃ ሳይሰበስቡ አስቀድመው በይፋ የሚያስመዘግቡት ለዚህ ነው።

እትዬ ግን ስለ 2015 ግድ የላቸውም። «ታዲያ ምን ብለሽ ጻፍሽ?» አሏት።

«ባዶ መላምቱን ውድቅ ማድረግ አልተቻለም።»

«አልቻሉም ማለትሽ ነው።»

«አይደለም እትዬ። አለመቻልዎም አልተረጋገጠም።»

«ታዲያ ምን ተረጋገጠ?»

«በዚህ ሙከራ... ምንም።»

«ለምንም ነው ስምንት ስኒ ያጠጣችሁኝ?» ብለው ወጡ። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይናቸው እንዳልዞረ በማግሥቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። የቡና ጥሪው ቀረብን። እርቁም ሽማግሌ ፈጀ፤ ሽማግሌዎቹም አንድ ቅድመ ሁኔታ ይዘው መጡ፦ ከእንግዲህ በእኛ ቤት ስለ ቡና ምንም ዓይነት ወረቀት እንዳይነበብ። ፈረምን። «ትኩስ ቡና ይለያሉ» የሚለው መላምት እስከ ዛሬ ሳይፈተን ተቀምጧል፤ እትዬም እንደ ተረጋገጠ ቆጥረው ይናገሩታል።

የልጅቷ ፕሮፖዛል አለፈ። መረጃው ተሰብስቦ ሲያበቃ የእንቅልፉ መላምቷ ግማሽ በግማሽ ሆነባት፤ በሴቶቹ ልጆች ዘንድ ልዩነት ታየ፣ በወንዶቹ አልታየም። በሁሉም ተማሪዎች ላይ ግን ያስቀመጠችው ወሰን አልታለፈም። ጓደኞቿ «ስለ ሴቶች ነበር ያጠናሁት በይ፤ ማን ያውቃል?» አሏት። እሷ የተወራረደችውን ጻፈች፣ መበላቷን ጻፈች፣ የሴቶቹን ነገር «ለወደፊት ጥናት» በሚለው ሥር አኖረችው። ዲፌንስ ላይ አንድ ፈታኝ «ታዲያ ምን አገኘሽ?» ብሎ እንደ እትዬ ጠየቃት። አማካሪዋ ነው የመለሰላት፦ «ልትሸነፍ የምትችልበትን ነገር ጽፋ መሸነፏን የነገረችን ተማሪ አገኘን።»

እኔ ብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ ለእርማት ይመጣልኛል። መላምቱ የተሳሳተበትን ከስንት አንድ ነው የማየው። ሁሉም ገምተው ሁሉም አግኝተዋል። አገሩ በሙሉ እንዲህ አዋቂ ሆኖ አይመስለኝም፤ መላምቱ የሚጻፈው ሠንጠረዡ ከተሞላ በኋላ ነው። ተማሪዎቹን ብቻ አልወቅስም፤ «መላምትሽ ወደቀ» ሲባል ልጅቷ ራሷ የወደቀች የሚመስለው መምህርና ወላጅ ሞልቷልና።

ዘንድሮ የምትመረቁ ልጆች ሆይ፣ ዓላማችሁን እንደፈለጋችሁ አስፉት፤ አማካሪያችሁ ያጠበዋል። መላምታችሁን ግን መጠይቁ ሳይበተን ጻፉት፤ ምን ቢገኝ እንደምትሸነፉ ከሥሩ አስፍሩ፤ ቀን ጻፉበትና ብትሳሳቱ ደስ ለሚለው ሰው አንድ ቅጂ ስጡት።